ጋሼ፣ አጎዋ ከቀረ እኛስ?

በቀደም ገላን ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ እውነት ድሃ ያደረጉን ፈረንጆቹ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ታክሲው መጣና ሳልመልስለት ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ከቃሊቲ ወዲያ ባለ የልብስ ፋብሪካ የፕሮዳክሽን ኃላፊ ነበርኩ። ልጅቷ ከወላይታ መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የስፌት ማሽኗ ሲበላሽ መካኒክ አትጠብቅም፤ ራሷ ፈታታ፣ አስተካክላ ትቀጥላለች። አንድ ቀን ማመልከቻ ይዛ ቢሮዬ ገባች። ከስሪላንካ የመጡ ባለሙያዎች የማሽን ጥገና ያሠለጥኑ ነበርና እኔም ልማር አለች። እምቢ አልኳት። ኮንቴይነሩ በቀኑ ጅቡቲ መድረስ አለበት፤ እሷ ከላይኑ፣ ከስፌት መስመሩ፣ ከወጣች ታርጌቱ አይሞላም። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ጋሼ፣ አጎዋ ሊቀር ነው ይባላል። ከቀረ እኛስ?» አለችኝ። አጎዋ ማለት ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት የነበረው የአሜሪካ ሕግ ነው። «እሱ የመንግሥታት ጉዳይ ነው። አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት፣ ቃል በቃል።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት፤ አንዳንዱ የሰው ሠራሽ ክር ልብስ እስከ 32 በመቶ። ትእዛዝ ቆመ፣ ላይኑ ተዘጋ። መካኒኮቹ ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ሥራ አገኙ። እሷ ሻንጣዋን ተሸክማ በግቢው በር ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ወርጄ ቻው እንኳ አላልኳትም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ስለ አይኤምኤፍ፣ ስለ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ትከራከራላችሁ፤ አንድ ውል አንብቡ ስትባሉ ግን ይሰለቻችኋል። ቢሆንም ንዴታችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አይኤምኤፍ በዚያው ዕለት ለኢትዮጵያ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ይመራ የነበረው በቲደብሊውኤ፣ በአሜሪካ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አብራሪውም መካኒኩም ከእኛው ልጆች ሲሠለጥን ነበር። ያቺን የፋብሪካዬን ልጅ ከእንዲህ ያለ ሥልጠና ያገዳት ፈረንጅ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

የውጭ ኩባንያ ስትገቡ ማሽኑን ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። አጠገቡ ቁሙ። አለቃ ከከለከላችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ያቺ ልጅ ሁለተኛ ብትመጣ ኖሮ፣ ምናልባት እሺ እላት ነበር።