ድቀት በጡረታ ዋዜማ

ጥያቄ፦ አባቴ በቨርጂኒያ በአንድ ሆቴል ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ ዘንድሮ 61 ዓመት ሞላቸው። የኢኮኖሚ ድቀት ሊመጣ ነው የሚለውን ወሬ ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። የጡረታ ቁጠባቸውን በሙሉ ከአክሲዮን አውጥተው ባንክ ለማስገባት፣ 62 እንደሞላቸውም የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት) ጡረታ ለመጀመር ቆርጠዋል። የ2008ቱ ድቀት በዕድሜ የገፉትን ምን አድርጓቸው ነበር?

መልስ፦ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) አባትዎ በመስጋታቸው አይፈረድባቸውም፤ የመረጡት መፍትሔ ግን ያኔ ብዙ ሰው የተጎዳበት ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን መለኪያ ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ከግማሽ በላይ ወርዶ፣ በ2013 ወደ ቀድሞ ከፍታው ተመልሷል፤ ኪሳራው የጸናው በድንጋጤ በሸጡት ላይ ነው። ይሁንና ነገሩ የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በስተርጅና ከሥራ የተቀነሰ ሰው ከወጣቶች ይልቅ ለረጅም ጊዜ ያለ ሥራ ስለሚቆይ፣ ሲቀጠርም ደመወዙ ብዙውን ጊዜ ከቀድሞው ስለሚያንስ፣ ለቤት ዕዳና ለቀለብ ሲል በረከሰ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ባንክም ቢሆን ፍጹም መጠጊያ አልሆነም፤ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ በዲሴምበር 2008 ወለዱን ወደ ዜሮ ሲያስጠጋው በቁጠባቸው ወለድ የሚኖሩ ጡረተኞች ገቢ ደረቀ። የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ አልተቀነሰም፤ በ2010 እና በ2011 ግን ጭማሪ አልነበረውም።

ከቁጠባው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የ62ቱ ውሳኔ ነው። በ1960 እና ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው በ67 ስለሆነ፣ በ62 ከጀመረ ወርኃዊ ክፍያው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በ30 በመቶ ያንሳል፤ እናትዎ ካሉም አባትዎ ካረፉ በኋላ የሚደርሳቸውን ሊቀንሰው ይችላል። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ኑሮ የሚበቃውን ለይተው በአስተማማኝ ቦታ አስቀምጠው፣ የቀረውን ባይነኩት ይሻላል።

ጤናን በተመለከተ አደገኛው ጊዜ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ከሚጀምርበት ከ65 ዓመት በፊት ያለው ነው። ከሥራ ጋር የጤና መድንም ይሄዳል፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ኪኒኑን ቀን እየዘለለ መዋጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። ቤተሰብ ሲያስተዳድር የኖረ አባት ደግሞ ጭንቀቱን ለልጆቹ አይናገርም፤ ወደ አገር ቤት የሚልከውንም ሳይቀንስ ከራሱ ጉሮሮ ይቀንሳል። ስለዚህ አባትዎ ሥራ ቢያጡ፣ የቀድሞው መድን በተቋረጠ በ60 ቀናት ውስጥ በኦባማ ኬር (ሰው በግሉ መድን በሚገዛበት የመንግሥት የጤና መድን ገበያ) በኩል ሌላ ያስመዝግቧቸው።