ጎመኑ ሳይቦካ ሳርማሌ የለም፦ ጥያቄና መልስ

የሰሞኑ ደብዳቤዎች ከአገሩ ውጭ ስለሚሠራ የሮማኒያ ምግብ ናቸው።

ሜሪላንድ የምትኖር አንባቢ ጥቅል ጎመን ቀቅላ፣ ሆምጣጤ ጨምራ ለሮማኒያዊ ባለቤቷ ሳርማሌ (በጎመን ቅጠል የሚጠቀለል የተፈጨ ሥጋና ሩዝ) ጠቀለለች። እሱም «ጥሩ ነው፣ የእናቴን ግን አይመስልም» አላት። ምን ጎደለ?

ጨዋ ባል ነው። ሆምጣጤ ያኮመጥጣል እንጂ አያቦካም። ሮማኒያ ውስጥ የሳርማሌ ቅጠል የሚገኘው በመጸው ሙሉውን ጨው ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ጥቅል ጎመን ነው። የምሥራቅ አውሮፓ ሱቅ ካለ የታሸገ ይሸጣል፤ ማሸጊያው ላይ ሆምጣጤ የሚል ካየሽ ተይው።

ቤት ለመሥራት የጎመኑን እምብርት በቢላ ቆፍረሽ አውጪና ጉድጓዱን በጨው ሙዪው። ለ10 ሊትር ውሃ 300 ግራም ጨው፣ እንስላል ከነግንዱ፣ እፍኝ የበቆሎ ፍሬ። ሳህንና ድንጋይ ጫኚበት፤ ከውሃ በላይ የቀረ ቅጠል ይሻግታል። 18–20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። በየሁለት ቀኑ ውሃውን ከሥር ቀድተሽ ከላይ መልሺው፣ አለበለዚያ ጨው ታች ይቀርና የላይኛው ይላሽቃል። ስስ ነጭ ሽፋን ይገፈፋል፤ ጠጉራም ሻጋታ ከመጣ ሁሉንም ድፊው።

ለ1 ኪሎ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ 120 ግራም ሩዝ፣ 3 የተቁላላ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ እንስላል፣ ቁንዶ በርበሬ። አሳማ ካልበላሽ የሰባ የበሬ ሥጋ ያዢ፤ ቀይ ብቻውን ይደርቃል። ቅጠሉን ሳትቀምሺ ጨው እንዳትጨምሪ። በአንድ ሁለት ጉርሻ የሚያልቅ መጠን አድርገሽ ጠቅልዪ፤ ድስቱ ሥር የተከተፈ ኮምጣጣ ጎመንና በጭስ የደረቀ ጎድን አንጥፊ። እሳቱ ለስለስ ይበል፣ ቢያንስ 3 ሰዓት። ኮምጣጣነቱ ቅጠሉ ቶሎ እንዳይበስል ስለሚይዘው በ1 ሰዓት ካወጣሽው እንደ ቆዳ ይታኘካል። ማማሰል የለም፣ ድስቱን ወዝወዝ። በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል።

የፆም አለው?

አለው፤ እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው። በሥጋው ቦታ ሩዝ፣ እንጉዳይ፣ ካሮት፣ ሽንኩርት።

በ5 ደቂቃ የሚደርሰው የበቆሎ ዱቄት ለማማሊጋ፣ ለሮማኒያው የበቆሎ ገንፎ፣ ይሆናል?

ይበላል፤ ግን እንደ ወጉ በክር የሚቆረጥ ጠንካራ አይሆንም። ሻካራውን ቢጫ ዱቄት፣ 250 ግራም ለ1 ሊትር ውሃ፣ 40 ደቂቃ። ገንፎ ያገነፋ ክንድ ይችለዋል።

ለሾርባ በቦርሽ ፈንታ ሎሚ?

ለችኩል ሰው። ቦርሽ ሾርባ የሚያኮመጥጥ፣ ከስንዴ ፉርሽካ የሚቦካ ውሃ ነው፤ እርሾ ለሚያውቅ ቤት ምን ያስፈራዋል? ግማሽ ኪሎ ፉርሽካና እፍኝ የበቆሎ ዱቄት በ3 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠህ ሙቅ ቦታ 2 ወይም 3 ቀን አቆየውና አጥልለው። ሾርባው ላይ የሚጨመረው አትክልቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ድንቹ አይበስልም።

አንድ አንባቢ ዛኩስካ (ደበርጃንና ቃሪያ በዘይት የሚሠራበት ማባያ) ማሰሮ ሞልቶ 8 ወር ቁም ሣጥን አስቀምጧል። ክዳኑ አብጧል፣ «ሽታው ግን ደህና ነው» ይላል።

ሳትቀምሰው ጣለው! የተጠበሰ ደበርጃንና ቃሪያ አሲዳቸው ትንሽ ነው፣ ዘይቱ አየር ይዘጋል፤ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ የሚወደው ይህንኑ ነው። መርዙ ላይሸት ይችላል፣ የባክቴሪያው ዘርም ተራ የፈላ ውሃ አይገድለውም። ከዚያ የበላ ሰው ነገር ሁለት ሁለት ከታየው፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም መዋጥ ካቃተው ለነገ አታሳድሩ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ቀጣዩን ፍሪዘር ውስጥ አኑር።

ደም ግፊት አለብኝ፤ ኮምጣጣ ጎመን ልብላ?

ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቅጠሉን ግን ውሃ እየቀያየሩ ያሳድሩት።

ከሳርማሌ ጋር በሚቀርበው ኮምጣጣ ክሬም ፈንታ እርጎ?

የተጠለለ ከሆነ፣ ሳህን ላይ። የፈላ ድስት ውስጥ ከገባ ይበጣጠሳል።