ከደም ስር ኦፕራሲዮን በኋላ ቁስል ውሃ ሲያፈስ፣ እግር ሲያብጥ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። የደም ስር ኦፕራሲዮን የተሰሩ ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ነርስ ነኝ፣ ቀኔን የማሳልፈው ብሽሽት ላይ ያለ ቁስል ሳጥብና ስቀይር ነው። ሰሞኑን አንድ ልጅ የአባቱ ቁስል ውሃ እያፈሰሰ ነው ብሎ ተጨንቆ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ጭመቀው ምናምን ብሎ ሲመክረው አይቼ አላስቻለኝም፣ ያላችሁን ጠይቁኝ።

ጥ፦ ልጁ እኔ ነኝ ሲስተር። አባቴ እግሩ ላይ ባይፓስ (ደም የተዘጋውን ቦታ አልፎ እንዲሄድ ሌላ ቧንቧ መቀጠል) ከተሰራ 12 ቀኑ ነው። ከወንበር ሲነሳ ሱሪው ብሽሽቱ ጋ ርሷል፣ ሽንት መስሎት አፍሮ ሁለት ቀን ደብቆናል። ፈሳሹ አይሸትም። መግል ነው?

መ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ አባባንም እንዳያፍሩ ንገራቸው፣ ይሄን የሚደብቅ ብዙ ነው። እንደ አነጋገርህ ሊምፍ ነው የሚመስለው፣ ከሰውነት ተጠራቅሞ በራሱ ቱቦዎች ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ማለት ነው። ንፍፊት የሚወጣበትን ቦታ ታውቀው የለ? የሊምፍ እጢዎቹና ቀጫጭን ቱቦዎቻቸው እዛ ነው የተሰበሰቡት፣ ትልቁ የእግር ደም ቧንቧ ደግሞ ከነሱ ስር ስለሆነ ሰርጀኑ እሱ ጋ ለመድረስ የግድ በነሱ መሃል ያልፋል፣ ያየውን ያስረዋል ግን ጸጉር የምታክለው ሁሉ አትታይም፣ እሷ ናት የምታፈሰው። ነጭ ጎዝ አድርጉበትና እዩት፣ ሊምፍ ጥርት ያለ ወይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ሲራመዱ ይጨምራል። መግል ወፈር ይላል፣ ይደፈርሳል፣ ብዙ ጊዜም ይሸታል። ሊምፍ ነው ተብሎ ግን ቤት አይቀመጥም!! በተለይ የገባላቸው ቧንቧ አርቴፊሻል ከሆነ ርጥብ ቁስል ለኢንፌክሽን በር ነው፣ ዛሬውኑ ለሰራቸው ሐኪም ደውል። ብዙው በረፍት፣ እግር ከፍ በማድረግና በንጹህ ድሬሲንግ ይደርቃል፣ እምቢ ካለ ቁስሉ ላይ የሚገጠም መምጠጫ ማሽን አለ፣ ተመልሶ ተከፍቶ የሚታሰርበትም ጊዜ አለ።

ጥ፦ የኔ ቁስል ድኗል ግን ስሩ እንቁላል የሚያክል ለስላሳ እብጠት አለ፣ ሰፈር ያለ ክሊኒክ በመርፌ ልቅዳልሽ አለኝ

መ፦ እንዳታስነኪው እህቴ። ሊምፍ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጠጣል፣ መርፌ በተመላለሰ ቁጥር ግን ጀርም ይዞ ይገባል። ደግሞም ሁሉም እብጠት ሊምፍ አይደለም፣ ጣትሽን ጣል አድርጊበት፣ እንደ ልብ ምት የሚመታ ከሆነ ከቧንቧው የወጣ ደም ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ባይመታም አልትራሳውንድ ሳይታይ መርፌ የለም።

ጥ፦ የተሰራው እግሬ ከሌላኛው በጣም ወፍሯል፣ ጫማ አልገባ አለኝ። ከሸፈ ማለት ነው? ስቶኪንግ ልግዛ?

መ፦ ማበጡ ብቻውን ከሸፈ ማለት አይደለም፣ እንደውም ደም ሲናፍቅ የኖረ እግር ድንገት ደም ሲያገኝ ያብጣል፣ የተቆረጡት የሊምፍ ቱቦዎችም ፈሳሹን ቶሎ አይመልሱትም። ማታ ማታ ይብሳል፣ በሳምንታት ወይ በወራት እየጎደለ ይሄዳል። ስትቀመጥ ከፍ አድርገው። ስቶኪንግ ግን ሰርጀንህን ሳትጠይቅ አትልበስ፣ የደም ዝውውሩ ደካማ የሆነ እግር ላይ ጥብቅ ነገር ሲደረግ ይጎዳል። ድንገት ካበጠና ባትህን ከጠዘጠዘህ ደግሞ የረጋ ደም እንዳይሆን ቶሎ ታይ።

ጥ፦ እናቴ ቡና ዱቄት ነስንሱበት ትላለች

መ፦ አይሆንም። ከቁስሉ ስር ቧንቧ አለ፣ ምንም አይነሰነስም። ጸበልም ቢሆን ይጠጡ እንጂ ቁስሉ እስኪዘጋ አይንከሩት።

ጥ፦ ራውንድ ላይ ግሬድ 2 ሲሉ ሰማሁ፣ ደነገጥኩ

መ፦ በፈረንጆች 1972 የወጣ፣ ሲላጊ የሚባል ሰርጀን የቁስል ኢንፌክሽን ምን ያህል እንደጠለቀ የከፈለበት ነው፣ 1 ቆዳ ብቻ፣ 2 ከቆዳ ስር ያለው ስብ፣ 3 የገባው ቧንቧ ጋ የደረሰ ኢንፌክሽን። 2 ላይ እያለ በደንብ ከታከመ 3 እንዳይደርስ ማድረግ ይቻላል። ቅላቱ ያለበትን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሩበት፣ በማግስቱ መስመሩን ካለፈ ንገሯቸው። ስኳር ካለበት ስኳሩን ተከታተሉ፣ ሲጋራም ይቁም።

ጥ፦ ትናንት ትንሽ ደም ፈሶ ራሱ ቆመ፣ ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፣ ልጠብቅ?

መ፦ አትጠብቅ፣ አሁን ሂድ። ብሽሽት ላይ ትንሽ ደም መጥቶ መቆሙ የትልቁ መምጫ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ከፈሰሰ በጀርባህ ተኛ፣ አብሮህ ያለ ሰው በንጹህ ጨርቅ በሙሉ ክንዱ ይጫነው፣ ቆመ ወይ እያለ እያነሳ አይይ፣ ሐኪም እጅ እስክትገባ አይልቀቅ። ስትደርስ ጻፍልኝ።