አዲስ ቦርድ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩን ያስመርምሩ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ሠርግ የምቀርጽበት፣ ባለ ሦስት ሴል ባትሪ ተጣጣፊ ድሮን አለኝ። ባለፈው ወር ሲያርፍ ገለባ ላይ ተገለበጠና ሞተሮቹ እስኪጠፉ ድረስ አንደኛው ክንፍ ገለባ ተጠምጥሞበት ለመዞር ሲታገል ቆየ። ከዚያ ወዲህ ሳስነሣው የፊት ቀኙ ሞተር ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም፤ ስልኬም ላይ የሞተር ተቆጣጣሪ ስህተት እንዳለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አንዱ ጠጋኝ ቦርዱ ተቃጥሏል ሲለኝ ሌላው ሞተሩ ነው አለኝ። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ሁለቱም ጠጋኞች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የተበላሸ ሞተር ቦርድ ያቃጥላል፣ የተበላሸ ቦርድም ሞተር ያቃጥላል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን ሳይመረምር የሚገጥም ሰው አዲሱን ዕቃ ባበራበት ቅጽበት ሊያጣው ይችላል። ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ነው፤ ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አዲስ ቦርድ ከአሮጌ ሞተር ጋር ሶልደር አድርጌ ባትሪውን ስከትት፣ ከእጄ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ፤ የቦርዱን ዋጋ የከፈልኩትም እኔው ነበርኩ።

በድሮንዎ ውስጥ ያለው ሞተር እንደ ድሪል ሞተር ካርቦን የለውም። ባትሪው የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ በሦስቱ ሽቦዎች ላይ በተራ እያፈራረቀ ማግኔቱን የሚያዞረው ቦርዱ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ነው። ለእያንዳንዱ ሽቦ ሞስፌት የሚባሉ ሁለት የኃይል ትራንዚስተሮች ተመድበዋል፤ አንዱ ሽቦውን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከኔጌቲቩ ጋር ያገናኛል። ለአንድ ሞተር 6፣ ለአራቱ ሞተሮች 24 ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ማግኔቱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ሞተሩ ሲዞር በዚያች ቅጽበት ባልተመገበው ሽቦ ላይ ከሚፈጠረው ቮልቴጅ ነው። ሞተሩ በገለባ ሲታሰር ይህ ቮልቴጅ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ከባትሪው የሚመጣውን ኩረንት የሚገታው በሞተሩ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ሬዚስታንስ ብቻ ይሆናል፣ እርሱም ከ1 ኦም በእጅጉ ያነሰ ነው። ተቆጣጣሪው ፈጥኖ ካላቋረጠ ወይ የጥቅልሉ ሽቦ የተሸፈነበት ቫርኒሽ ይቃጠላል፣ ወይ ከሞስፌቶቹ አንዱ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ሁለቱም።

ምርመራው በእጅ ይጀመራል። ባትሪውን ያውጡ፣ አራቱንም ክንፎች ይፍቱ፣ ከዚያም ሞተሮቹን አንድ በአንድ በጣትዎ ያዙሩ። ጤነኛ ሞተር በማግኔቶቹ ምክንያት በእኩል ርቀት ለስለስ ያለ ነካ ነካ ይሰማዎታል፣ ሲለቁትም ትንሽ ይዞራል። የታመመው ሞተር ማር ውስጥ የገባ ይመስል ከከበደ፣ በፍጥነት ሊያዞሩት ሲሞክሩ ደግሞ ይበልጥ እየተቃወመ ከሄደ፣ አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ እንዲህ ሲሆን ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ራሱን በራሱ ፍሬን ይይዛል። ከከበደ ይልቅ የሚያንኳኳ ወይም የሚፈጭ ከሆነ ግን ጉዳዩ ኩሽኔታ ወይም አፈር ነው። በነገራችን ላይ አፈራችን ውስጥ ብረት ያዘለ ጥቁር አሸዋ አለ፤ ከማግኔቱ ላይ ይጣበቅና በአየር ሲነፉት ወደ ውስጥ ይገባል። በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ በተጠቀለለ ፕላስተር እየነኩ ማውጣት የተሻለ ነው።

ቀጥሎ የሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ከቦርዱ መነቀል አለባቸው፤ ከመንቀልዎ በፊት ቅደም ተከተላቸውን ፎቶ ያንሱ። ከነቀሉ በኋላ የሽቦዎቹ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ለያይተው ሞተሩን እንደገና ያዙሩት። ክብደቱ ከለቀቀው ሾርቱ ያለው ቦርዱ ላይ ነው። ካልለቀቀው ሞተሩ ውስጥ ነው። ይህች አንዲት ሙከራ ከሁለቱ ጠጋኞች ማን እንደተሳሳተ፣ ወይም ሁለቱም እንዳልተሳሳቱ፣ ግማሹን መንገድ ትነግርዎታለች።

የቀረውን ግማሽ ቴስተሩ ይጨርሰዋል። ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያ ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ መግቢያ ላይ ያሳርፉ፣ ጥቁሩን ደግሞ ሽቦዎቹ በተነቀሉባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ በየተራ ይንኩ፤ በየቦታው ከ0.4 እስከ 0.6 ቮልት አካባቢ፣ ሦስቱም ተቀራራቢ ሆነው መነበብ አለባቸው። ከዚያ ጥቁሩን ፖዘቲቩ ላይ አድርገው በቀዩ ሦስቱን ይንኩ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ንባብ የሰጠው ቦታ ሞስፌቱ ሾርት ያደረገበት ነው። ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሞተሩ ሳይነቀል ሲለካ ነው፤ ሦስቱ ሽቦዎች በጥቅልሉ በኩል የተገናኙ ስለሆኑ አንዱ ሲበላሽ ሦስቱም የተበላሹ መስለው ይነበባሉ። ንባቡ ትክክል ስለመሆኑ ከተጠራጠሩ ጤነኛው የግራ ሞተር የተገናኘበትን ተቆጣጣሪ በተመሳሳይ መንገድ ለክተው ያስተያዩ።

ሞተሩን በተመለከተ ተራ ቴስተር ብዙም አይረዳም፤ የራሱ ገመዶች ሬዚስታንስ ከጥቅልሉ ሬዚስታንስ ሊበልጥ ይችላል። የሚጠቅመው ሽቦ መበጠሱንና ጥቅልሉ ከብረቱ ጋር መነካካቱን ለማየት ነው። የእርስዎ ሞተር የሚንቀጠቀጥ መሆኑ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ኤሌክትሪክ እንደማይደርሰው ያስጠረጥራልና፣ በተጣጣፊው ክንድ መታጠፊያ ላይ የሚያልፉትን ሽቦዎች ክንዱን እየዘረጉና እያጠፉ ይለኩ፤ እዚያ ቦታ የውስጡ ሽቦ ተበጥሶ ሽፋኑ ደህና ሆኖ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። በጥቅልሉ ውስጥ ያለ ሾርት ግን የሚገኘው ኩረንቱ የሚገደብ ፓወር ሰፕላይ ሲኖር ነው። 1 አምፔር በሁለት ሽቦዎች በኩል ያሳልፉና በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ሚሊቮልት ያንብቡ፤ በ1 አምፔር የተነበበው ሚሊቮልት በቀጥታ ሚሊኦም ነው። ሦስቱም ጥንዶች እኩል ሊሆኑ ይገባል። ለምሳሌ ሁለቱ ጥንዶች 85 ሲሆኑ አንዱ 110 ከሆነ፣ ሁለቱ ዝቅተኛ ጥንዶች የሚጋሩትን ሽቦ ይጠርጥሩ፤ ያ ሞተር ቢዞርም ይጣል።

ብዙ ሰዎች የታመመውን ሞተር ጤነኛ ክንድ ላይ ገጥሞ መሞከርን ይመክራሉ። እኔ አልመክርም። ያልተለካ ሞተር ከጤነኛ ተቆጣጣሪ ጋር ማገናኘት ሁለተኛውን ቦርድ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሞተሩ ደህና ሆኖ አንድ ሞስፌት ብቻ ሾርት አድርጎ ከተገኘ፣ የሙቅ አየር መሣሪያና ቦርዱን ከሥር የሚያሞቅ ምድጃ ያለው ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል፤ የዚያ ሽቦ ጥንድ የሆነውንም ሞስፌት አብሮ እንዲቀይር፣ ሞስፌቶቹን የሚያዝዘውንም ቺፕ እንዲመረምር ይጠይቁት። ቦርዱ ራሱ ከሰል ሆኖ የጠቆረ ከሆነ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ፤ የከሰለ ቦርድ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አዲሱን ሞስፌትም ያቃጥላል።

ጥገናው ሲያልቅ ባትሪውን በቀጥታ አይክተቱ። መጀመሪያ በፓወር ሰፕላይ፣ ቮልቴጁን ከባትሪው ጋር አስተካክለው፣ ኩረንቱን 1 አምፔር ላይ ገድበው ያብሩት፤ ንባቡ ወዲያው ገደቡን ነክቶ ቮልቴጁ ከወረደ ሾርቱ አልወጣምና ያጥፉ። ቦርዱ ተቀይሮ ከሆነ የተቆጣጣሪው ሶፍትዌር ከድሮኑ ጋር ካልተስማማ ያው ማስጠንቀቂያ ሊመለስ ስለሚችል፣ ድሮኑን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ሶፍትዌሩን እንደገና ይጫኑ፣ ኮምፓሱንም ያስተካክሉ። ክንፎቹን ሳይገጥሙ የእያንዳንዱን ሞተር አቅጣጫ ይመልከቱ፤ በሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለባቸው። የጠገኑት በተቃራኒው ከዞረ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል።

ስለ ደብረ ብርሃንም አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ድሮኑ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፎቹን ወደ 15 በመቶ ገደማ አፍጥኖ ማዞር አለበት፣ የሚፈልገውም ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል። ሞተርዎን ያቃጠለው ከፍታው ነው አልልም፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው ከመነሻው ተጨማሪ ሸክም ይዞ ስለሚሠራ የተሰነጠቀ ወይም የተጠረበ ክንፍ ይዘው አይብረሩ።

ለመጀመሪያው በረራ ሰው የሌለበት ሜዳ ይምረጡ። ከ1 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ለ3 ደቂቃ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ያሳርፉትና ባትሪውን አጥፍተው ወዲያውኑ አራቱንም ሞተሮች ይዳስሱ። የጠገኑት ከሦስቱ ጎልቶ የሚሞቅ ከሆነ፣ በተለይም ጣትዎ ሊቆይበት ካልቻለ፣ ለዚያ ሳምንት የያዙትን ሠርግ በሌላ ድሮን ይቅረጹና ይህኛውን ወደ ጠረጴዛው ይመልሱት።