የማጀቱን በር ለልጆቻችሁ ክፈቱላቸው

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። በሥራ ዓለም 34 ዓመት ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ የባልትና መምህርት ነበርሁ፣ ኋላም የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ሆኜ ከመንዝ ብርዳማ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ እየተዘዋወርሁ ከእናቶች ጋር ስሠራ ኖሬአለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ የሚመጡ ወጣት ባለትዳሮች የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ባልም ሚስትም ከሥራ አምሽተው በሚገቡበት ኑሮ፣ ሠራተኛ መቅጠርም እንደ ድሮው በማይቻልበት ጊዜ፣ ለልጆች በየቀኑ ትኩስ ምግብ እንዴት ይደርሳል? ብዙዎቹ ይህ ዕቃ ይገዛ፣ ያኛው ምድጃ ይሻላል እንድላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው በቤታቸው ውስጥ ስንት እጅ እንዳለ ነው። እናት፣ አባትና ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት ዐሥር እጅ አለው፤ ከዐሥሩ እራት የሚያደርሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ዕቃን የናቅሁ እንዳይመስላችሁ። በተለይ እንደ እኛ ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በዚህም ምክንያት ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ምንም ብታነዱት የፈላው ውሃ ከዚያ በላይ አይግልም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ግን ውሃው በ96 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ያው ባቄላ ቶሎ ይበስላል። የመንዝ እናቶች ባቄላው እንቢ ሲላቸው እንጨት ሲጨምሩ አይቼ ስንት ጊዜ አዝኛለሁ፤ ድካማቸውን የሚያቀልላቸው ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደርና ድስቱን መክደን ነበር። አቅም ያለው ደግሞ ፕሬዠር ኩከር ይግዛ። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚያሳድገው፣ በውስጡ ያለው ሙቀት በእኛ ደጋም ቢሆን 110 ዲግሪን ያልፋል። ሳሎን ውስጥ ቡፌ ላይ ተደርድሮ ለእንግዳ ብቻ ከሚወርድ ብርጭቆ ሁሉ እርሱን አስቀድማለሁ።

ሁለተኛው የማቅለያ መንገድ ቁሌት ነው። በየምሽቱ ሽንኩርት እየከተፉ፣ በየምሽቱ እያቁላሉ መኖር ጉልበትንም ነዳጅንም ይጨርሳል። በእኔ ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በዘይት ብቻ በደንብ ይቁላላል፤ ግማሹ በርበሬ ይገባበታል፣ ግማሹ ለአልጫ ይቀራል፤ ሲቀዘቅዝም በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። በዘይት ብቻ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ የሚጾም ትልቅ ሰውና ሰባት ዓመት ያልሞላው፣ ገና መጾም ያልጀመረ ልጅ አብረው ሲኖሩ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ሁለት ዓይነት ወጥ መሥራት ግድ ይሆናል፤ እናቶች ከሚማረሩባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ቁሌቱ የጾም ከሆነ ግን ለሁሉም ያገለግላል። የልጁን ድርሻ በትንሽ ድስት ቀንሳችሁ ቅቤ ጠብ ማድረግ ወይም እንቁላል መስበር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ማክሰኞ ማታ ከሥራ የገባ ሰውም ከተዘጋጀው ቁሌት ሁለት ጭልፋ አውጥቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ ሲፈላ ሽሮውን ቢበጠብጥበት ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሳይጨርሱ እራት ይደርሳል።

እንግዲህ ያ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በማን እጅ ይላጥ? ወደ ዋናው ጉዳዬ የገባሁት አሁን ነው።

ልጆች ማጀት መግባት ይወዳሉ። የአራት ዓመት ልጅ እናቱ ስትነፋ ወንፊቱን ካልያዝሁ ብሎ ያለቅሳል፤ የዐሥራ አራት ዓመቱን ልጅ ግን ለምነን እንኳ አናስገባውም። በመካከሉ ያሉት ዐሥር ዓመታት ምን አደረጉት ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። መልሱን ያገኘሁት በየቤቱ ከምሰማት አንዲት አነጋገር ነው፤ «ስጠኝ፣ እኔ ቶሎ ልጨርሰው።» እናት ይህን የምትለው በክፋት አይደለም፤ መሽቷል፣ ደክሟታል፣ ልጁ ደግሞ አንዷን ነጭ ሽንኩርት ለመፈልፈል ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ነገር ግን ሥራው ከእጁ ላይ በተነጠቀ ቁጥር ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሥራ የእርሱ እንዳልሆነ። እኔም በሰው ቤት ይህን እያስተማርሁ በራሴ ቤት ስናገረው ኖሬአለሁና የምጽፈው እንደ ዳኛ ሆኜ አይደለም። ልጅን ማስገባት መጀመሪያ ላይ ሥራ ያበዛል እንጂ አያቀልልም። ዱቄት ይፈሳል፣ ሳህን ይሰበራል፣ ሰዓት ይባክናል። ይህን የሦስትና የአራት ወር ኪሳራ አስቀድሞ ያልተቀበለ ወላጅ ባይጀምረው ይሻለዋል። ሲጀምርም ከሥራ ቀን ምሽት ይልቅ በእሑድ ከሰዓት ይጀምር።

የምትሰጡት ሥራም እውነተኛ ይሁን። ቁራሽ ሊጥ ሰጥቶ «በል ተጫወትበት» ማለት ለሕፃን ደስ ይለዋል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ያ ሊጥ መሶብ ላይ እንደማይደርስ ያውቃል። ምስር ይልቀም፣ የለቀመውም ምስር ማታ ይበላ። ጎመን ይቀንጥስና ይጠብ። ነጭ ሽንኩርቱ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ቢነከር ልጣጩ ለትንሽ ጣቶች ይታዘዛል፤ ቀይ ሽንኩርትም ውሃ ውስጥ ሆኖ ቢላጥ ዓይን አያቃጥልም። (ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ጥራጥሬ አትስጡ፤ ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ጤና ጣቢያ የሮጥንለት ልጅ ዛሬ ራሱ አባት ሆኗል።) ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው አጭር ቢላ፣ ጠፍጣፋ መክተፊያና አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል። የደነዘ ቢላ ለልጅ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ የደነዘ ቢላ ኃይል ስለሚጠይቅ ሾልኮ የሚሄደው ወደ ጣት ነው። ወደ እሳት የሚቀርበው ከዐሥር ዓመት በኋላ ይሁን፤ እርሱም ትልቅ ሰው ባለበት ብቻ።

ከማጀት ሥራ ሁሉ ልጅን የሚይዘው እንጀራ ነው። ሊጡ ተቦክቶ እርሾ ሲገባበት በውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ስኳሩን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙም ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል፣ ምጣድ ላይ ሲሰፋም እየፈነዳ ሲወጣ ዓይኑን ይሠራል። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ብትነግሩት ዕቃውን በየሰዓቱ እየከፈተ ያያል፤ ሸዋ ሮቢት ያለች አክስቱ ሊጥ በሁለት ቀን የሚደርሰው፣ የእኛ ግን በሐምሌ ብርድ አራተኛውን ቀን የሚጠብቀው ለምን እንደሆነም ራሱ ይደርስበታል። የልጅ ልጄ አብሲቱ ሲጣል ማማሰል የእርሱ ሥራ ሆኗል። ጋገራ ላይ ደግሞ አጠገቤ ቆሞ ዓይን ሲያወጣ «አሁን!» ይለኛል፤ እኔም አክንባሎውን እደፋለሁ። አንዳንዴ ይዘገይና እንጀራው ይደርቃል። የደረቀውን ማን ይብላ? ፍርፍር የተፈጠረው ለዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ምጣዱ በሥራ ላይ ሳለ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ገና ለመጋል ብቻም ብዙ ይፈጃል፤ ስለዚህ በየቀኑ አራት አራት ከመጋገር አንዴ ለሦስት ቀን የሚበቃውን መጋገር ቆጣሪውንም ወገብንም ያሳርፋል።

አሁን ስለ ወንዶች ልጆች ልጻፍ፤ ይህ የሚያሳፍረኝ ክፍል ነው። ባልትና በማስተምርበት ዘመን ሴቶቹ ወደ እኔ ክፍል ሲመጡ ወንዶቹ ወደ እንጨት ሥራ ይላኩ ነበር፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ ተቀብዬው ኖርሁ። ቤቴም ውስጥ ልጄን ከሴት ልጆቼ ለይቼ አሳደግሁት፤ ድስት ቢከፍት «ሴታሴት ልትሆን ነው?» ብለው የሚስቁበትን ዘመዶች አንድ ቀን እንኳ ዝም አላሰኘሁም። ተምሮ ሥራ ይዞ አዳማ በሄደ በመጀመሪያው ወር ደወለልኝ፤ የምግብ ቤት ምግብ ደመወዙንም ሆዱንም ጎድቶበት ነበር። «እማዬ፣ ክክ ስንት ሰዓት ነው የሚቀቀለው?» አለኝ። የእኔን የደብረ ብርሃን ሰዓት ነገርሁት። በማግስቱ ደውሎ ሁሉም ሟሙቶ ገንፎ እንደሆነበት ሲነግረኝ ስቄ አላባራሁም፤ ከተራራ ወርዶ ውሃ ይበልጥ ግሎ የሚፈላበት አገር መግባቱን ባለሙያዋ እናቱ ዘንግታዋለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። 23 ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ ክክ በስልክ መጠየቁ የእርሱ ጥፋት አልነበረም።

«ወንድ ማጀት ነውር ነው» የሚላችሁ ሽማግሌ ካለ በትሕትና አንድ ነገር ጠይቁት። በየደብሩ ቤተ ልሔም ገብቶ ለመሥዋዕቱ የሚሆነውን ኅብስት የሚያዘጋጀው ማን ነው? ወንድ ነው፤ ዱቄቱንም የሚያቦካው፣ እሳቱንም የሚያነደው እርሱ ነው። በበዓል ቀን በጉን አርዶ፣ ገፍፎ፣ ብልት በብልት የሚያወጣውም አባወራው ነው። ነውሩ የተጀመረው ከሽንኩርቱ ላይ ነው ማለት ነው?

ስለ አደጋ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ልጅን አስገቡ ስል እሳት ቀላል ነገር መስሎኝ አይደለም። ብዙ ቤት ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ሊያልፈው የማይገባ መስመር በኖራ ወይም በከሰል ይሰመር። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በፍጹም አይቀመጥ፤ ልጅ ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል። እሳት ወይም ፍል ውሃ ልጅን ካቃጠለው ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ቡና አትቀቡት፤ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አቀዝቅዛችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በእኛ ብርድ ደግሞ ምግቡ ከደረሰ በኋላ የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ልማድ ሆኗል። የከሰሉ ጭስ ባይታይም፣ ባይሸትም፣ ተኝቶ የማይነቃ ቤተሰብ ያስቀራል። ማንደጃው ውጭ ይደር፤ ልጆች በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ይደርቡ።

ከየት እንጀምር ላላችሁኝ፣ ከምስር ጀምሩ። የፊታችን እሑድ ግማሽ ኪሎ ምስር በሰፌድ አፍስሱና ለትንሹ ልጃችሁ ስጡት፤ መልቀም አንዴ አሳዩትና እናንተ ወደ ሽንኩርታችሁ ተመለሱ። አንድ ሰዓት ቢፈጅበትም እጃችሁን አታስገቡ። የሚያገኘውን ጠጠር ሁሉ በቡና ሲኒ ያጠራቅም፤ እራት ላይ ወጡ ሲቀርብ ሲኒውን አምጥቶ ለአባቱ አንድ በአንድ ይቁጠርለት።