ስለ ኤሌክትሪክ እየጻፉ መኖር ያዋጣል ወይ?

«ፊዚክስ ተመርቄ ጎንደር ነው ያለሁት። በሰውነትም በማሽንም ውስጥ ስላለው ኤሌክትሪክ የምጽፍ ጋዜጠኛ ልሁን ወይ?» ላልሽው እህቴ፣ እዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

ገንዘቡን ላስቀድም። ብቻውን አያኖርም። እኔ ከትርጉም ሥራ ጋር ነው የማስኬደው። ርዕስ ግን አይጠፋሽም።

ዋናው ፈተና አንባቢው ኤሌክትሪክ ሲባል ሽቦ ብቻ የሚታየው መሆኑ ነው። ሽቦ ውስጥ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ነርቭ ላይ ግን ሶዲየምና ፖታሲየም አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች) የሴሉን ሽፋን እያቋረጡ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሆጅኪንና ሀክስሊ የሚባሉ ሳይንቲስቶች ይህን በስኩዊድ ነርቭ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1952 በቀመር አሳይተዋል። ይህን ልዩነት ሳታስረዪ ብታልፊ የቀረው ጽሑፍ ሁሉ ይበላሻል።

ጥያቄሽን ደግሞ ከሰው ውሰጂ። አንድ ጊዜ ለዘገባ ሆስፒታል ገብቼ አንዲት እናት ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ሊነሡ ተኝተዋል። ነርሷ ጄል ቀብታ ሽቦውን ደረታቸው ላይ ልታያይዝ ስትል እጇን ያዟት።

«ልጄ፣ ኮረንቲ ልትለቂብኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም እማማ! የልብዎን ምት ሊያይ ነው እንጂ ማሽኑ ምንም አይለቅብዎትም።»

ዘገባዬን በእሳቸው ጥያቄ ጀመርኩት። የብዙ ሰው ፍርሃት ነዋ! የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። ልብ ቆዳ ላይ የምታሳየው ምልክት ግን 1 ሚሊቮልት፣ ማለትም የቮልት አንድ ሺህኛ ገደማ ነው፤ ኢሲጂ የሚያነበው ይህችን ነው። ኮረንቲ ወደ ሰውነት የሚለቀው ዲፊብሪሌተር የሚባለው፣ የተዛባ የልብ ምትን ለማስተካከል የሚውል ሌላ መሣሪያ ነው። በኤሌክትሪክ ሁሉን በሽታ እናድናለን የሚሉ ሻጮች ስላሉ፣ ቁጥሩንና መለኪያውን ሳትጠይቂ የማንንም ወሬ አትጻፊ።

በሳይንስ ክርክር ውስጥም አሸናፊውን ለመለየት አትቸኩዪ። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በሁለት ብረቶች ሲነካ የተወራጨው በራሷ ኤሌክትሪክ ነው አለ። የአገሩ ልጅ የፊዚክስ ሊቁ ቮልታ ደግሞ ከሁለቱ ብረቶች ነው የመጣው ብሎ ተከራከረና እ.ኤ.አ. በ1800 ባትሪውን ይፋ አደረገ። ብረቶቹም ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ፣ እንስሳውም የራሱ አለው።

ለመጀመሪያ ጽሑፍሽ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ፈልጊ። አንዳንዴ የኢሲጂው መስመር ለምን ድፍን ብሎ እንደሚንቀጠቀጥ ጠይቂው። ከግድግዳው መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) መብራት ከልብ ምልክት ጋር ሲቀላቀል ነው። ልብና የመብራት መስመር አንድ ወረቀት ላይ ይገናኙልሻል። ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ በደስታ አነበዋለሁ።