ኢሜይሉ ተልኳል፣ የደረሰው ግን የለም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። ማኅበር፣ ዕድር፣ ትንሽ ድርጅት ኢሜይል ይልካል፤ ግማሹ ሰው «አልደረሰኝም» ይላል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን በሜይልማን የሚሠራ ሜይሊንግ ሊስት አለው። አባላቱ ዋሽንግተን አካባቢና አዲስ አበባ ናቸው። አንድ ታላቃችን የያሁ አድራሻ አላቸው። እሳቸው በጻፉ ቁጥር ጂሜይል የሚጠቀሙት አባላት አይደርሳቸውም። ይባስ ብሎ ምንም ያላጠፉ አባላት ከሊስቱ እየታገዱ ነው። ኮሚቴው "ጋሼ ጂሜይል ይክፈቱ እንበላቸው" እያለ ነው። ምን ይሻላል?» (የማኅበሩ ጸሐፊ)

ጋሼን ተዉአቸው። መስተካከል ያለበት ሊስቱ ነው፤ ማለትም ለአንድ አድራሻ የተጻፈውን ለአባላቱ ሁሉ የሚያደርሰው መላኪያ። ሜይልማን እሱን የሚያስኬደው ሶፍትዌር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ አለው። አንዱ ፖስታው ላይ እንደሚጻፈው ነው፤ ሰርቨሮች ብቻ ያዩታል፣ ያልደረሰ መልእክትም የሚመለሰው ወደዚያ ነው። ሌላው ደብዳቤው ላይ ያለው፣ እርስዎ ስክሪን ላይ «ከ» በሚለው ቦታ የሚያነቡት ነው። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው የሚል ደንብ ድሮ አልነበረም። አጭበርባሪዎች የተጫወቱት በዚህ ክፍተት ነው።

ክፍተቱን ለመድፈን ሦስት ነገሮች ተራ በተራ መጡ። ኤስፒኤፍ (SPF) ፖስታውን ያያል፤ የዶሜይኑ፣ ማለትም አድራሻው ላይ ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ ባለቤት «በእኔ ስም የሚልኩት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው» ብሎ ዲኤንኤስ ላይ (ማንም ሰርቨር ሊያነበው በሚችለው የዶሜይኖች መዝገብ) ዝርዝር ያወጣል። ዲኪም (DKIM) ላኪው ሰርቨር ደብዳቤው ላይ የሚያሳርፈው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ የተፈረመበት ጽሑፍ በመንገድ ላይ ከተነካ ፊርማው ይፈርሳል። ዲማርክ (DMARC) ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ይለፍ፣ ያለፈውም «ከ» ላይ ከሚታየው ዶሜይን ጋር ይግጠም። ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለውን የዶሜይኑ ባለቤት ይመርጣል፦ ዝም በሉት («ነን»፣ none)፣ ስፓም ውስጥ ክተቱት («ኳራንቲን»)፣ ወይም ጭራሽ አትቀበሉት («ሪጀክት»)።

አሁን ጋሼ ለሊስቱ ጻፉ እንበል። ሊስቱ ደብዳቤውን አዲስ ፖስታ ውስጥ ከቶ ከራሱ ሰርቨር ይልካል። ኤስፒኤፍ ቢያልፍም በማኅበሩ ዶሜይን እንጂ በያሁ አይደለም፤ አልገጠመም። ዲኪም ሊያድናቸው ይችል ነበር። ግን ሊስቱ ርእሱ ፊት የማኅበሩን ስም በቅንፍ ይጨምራል፣ ከሥር ደግሞ «ከሊስቱ ለመውጣት» የሚል ግርጌ ይለጥፋል። ፊርማው ፈረሰ። ጂሜይል የያሁን ፖሊሲ ያያል፤ ያሁ «አትቀበሉት» ብሏል። ደብዳቤው 550 5.7.26 የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ይመለሳል።

ያሁ ይህን ያደረገው በሚያዝያ 2014 ነው። በተሰረቁ የአድራሻ መዝገቦች እየተመሩ በደንበኞቹ ስም ስፓም የሚልኩ በዝተውበት ነበር። ኤኦኤልም በዚያው ወር ተከተለው። እስከዚያ ድረስ «አትቀበሉት» የሚለው ፖሊሲ ባብዛኛው ባንክና የክፍያ ድርጅት የመሳሰሉት የሚጠቀሙበት ነበር፤ ከባንክ የሚመጣ ኢሜይል ሊስት ላይ አይዞርማ። ያሁ ግን ለተራው ሰው አድራሻ አዋለው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓለም ላይ ያሉ ሊስቶች ተተረማመሱ። በእኔ አመለካከት ያሁ የራሱን ችግር ወደ ሊስት አስተዳዳሪዎች ነው ያሻገረው። ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አይመለስም።

ንጹሐኑ ለምን ይታገዳሉ ላሉት፦ ደብዳቤው የተመለሰው ከተቀባዮቹ ሰርቨር ስለሆነ፣ ሜይልማን «እነዚህ አድራሻዎች አይሠሩም» ብሎ ይቆጥርባቸዋል። በነባሪው ቅንብር ለአንድ ቀን ቢበዛ አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ አምስት ሲሞላ መልእክት መላኩን ያቆማል። ጋሼ በተከታታይ ቀናት ሞቅ ብሏቸው ከጻፉ ግማሽ ማኅበሩ ይወጣል ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ደብዳቤውን አለመንካት፦ የርእስ ቅጥያውንም ግርጌውንም ማጥፋት። ያን ጊዜ የያሁ ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈርስ ይደርሳል። መውጫውን አትስጉለት፤ ሜይልማን በራስጌው ውስጥ (ርእስና አድራሻ በሚጻፍበት የኢሜይሉ ክፍል) የመውጫ አድራሻ በራሱ ያስገባል፣ ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞችም በቁልፍ ያሳዩታል። ሁለተኛው «ከ» የሚለውን በሊስቱ አድራሻ መተካት ነው። ከ2014 ወዲህ በወጡት የሜይልማን ቅጂዎች የዲማርክ ቅንብር ውስጥ ያገኙታል፤ ጥብቅ ፖሊሲ ላላቸው ዶሜይኖች ብቻ እንዲሠራ ማድረግም ይቻላል። እኔ ለእናንተ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኮሚቴ ያለው ማኅበር ግርጌውን በቀላሉ እንደማይለቅ አውቃለሁ።

ሲጨርሱ የታገዱትን አባላት መመለስ እንዳይረሱ። በራሳቸው አይመለሱም።

«የእኛ ሊስት ሰው በጻፈ ቁጥር ስሙን "እገሌ፣ በማኅበሩ በኩል" አድርጎ ያሳያል። አንድ ቀን ለአንድ ሰው ብቻ የመለስኩ መስሎኝ ለሁሉም ሄደ። ስለ ሰብሳቢው ነበር የጻፍኩት። ይህ ነገር ሕጋዊ ነው?» (የተዋረደ አባል)

ሕጋዊ ነው፤ አይዞን።

ከላይ ያልኩት ሁለተኛው መፍትሔ ይኸው ነው። ብዙዎች ይንቁታል፤ የሰውን ስም ማስተካከል ለሊስት አይገባም ባዮች አሉ። ግን የኢንተርኔትን ደንቦች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ራሱ ሥራውን የሚሠራው በሜይሊንግ ሊስት ነው፤ ጥብቅ ዲማርክ ካለው ዶሜይን የሚጽፍለትን ሰው አድራሻ እሱም ይለውጣል። ደንብ አውጪዎቹ ያላመለጡትን እናንተ ከየት ታመልጣላችሁ?

መልሱ ወዴት ይሂድ የሚለው ግን ሌላ ቅንብር ነው። አስተዳዳሪያችሁን «መልስ ስንል ወደ ጸሐፊው እንዲሄድ አድርግልን» በሉት። ሜይልማን «ከ»ን ሲለውጥ የጸሐፊውን አድራሻ የመልስ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። አንዳንድ ማኅበር ሁሉም ውይይት በአደባባይ እንዲሆን ሆን ብሎ ወደ ሊስቱ ያደርገዋል። ያ ከሆነ ስለ ሰብሳቢው ሲጽፉ አድራሻውን በእጅ ይጻፉ። ወይም ይደውሉ።

«በአማርኛ ስንጽፍ ነው ስፓም የሚገባው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?»

ፊደላችን ለማረጋገጫው ችግር አይደለም። ኤስፒኤፍም ዲኪምም ዲማርክም ቋንቋ አይለዩም።

ግን ወሬው ከባዶ የተነሣ አይመስለኝም። የኢሜይል ራስጌ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር። የአማርኛ ርእስ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት አሠራር) እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስድና ወደ ላቲን ቁምፊዎች ተለውጦ ይጓዛል። ሊስቱ ቅጥያ ሲጨምርበት ርእሱን ፈትቶ እንደገና ይለውጠዋል። አንዳንድ ሶፍትዌር ቅጥያ ባይጨምር እንኳ ፈትቶ ይጠቀልለዋል፤ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ቢመስልም ባይቶቹ ተለውጠዋል፣ ፊርማውም ፈርሷል። «ዘና ያለ» የሚባለው የዲኪም አሠራር የሚታገሠው ባዶ ቦታና የመስመር አሰባበርን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ነው። ስለዚህ አማርኛ ተጠቃሚዎች ቶሎ የሚታይባቸው የሊስቱ ጥፋት ነው፤ የፊደሉ አይደለም።

ሌላው ጥርጣሬዬ ፖስተሩ ላይ ነው። ጥሪውን በስልክ አሳምረን እንሠራና አንዲት ቃል ሳንጽፍ ምስሉን ብቻ እንልካለን። ማጣሪያዎች ምስል ብቻ ያለበትን ኢሜይል አይወዱትም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በጽሑፍም ይጻፉት፤ ማየት የተሳናቸውም ያመሰግኑዎታል።

«አዲስ አበባ ትንሽ ድርጅት አለኝ። ዌብሳይቱን የሠራልኝ ልጅ ኤስፒኤፍ አስገባልኝ። በኋላ ደረሰኝ የሚልክልን የሒሳብ ሶፍትዌር ገዛን፤ እነሱም የራሳቸውን ኤስፒኤፍ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ደረሰኞቻችን ስፓም እየገቡ ነው።»

ሁለት ኤስፒኤፍ ነው ጉዱ። አንድ ዶሜይን አንድ የኤስፒኤፍ መስመር ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ሁለት ሲሆን ተቀባዩ አንዱን አይመርጥም፤ ሁለቱንም ስሕተት ብሎ ይጥላቸዋል። ሁለቱን አዋህደው በአንድ መስመር ይጻፉ። ሲያዋህዱ ደግሞ ገደቡን ይጠብቁ፦ መስመሩ ተቀባዩን ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ ማስጠየቅ የለበትም። የተዋቸው አገልግሎቶች ካሉ ይሰርዟቸው። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ዲኪም በእርስዎ ዶሜይን እንዲፈርምም ይጠይቁ፤ የሚበረክተው እሱ ነው።

«ከራሴ አድራሻ ለራሴ "ኮምፒውተርህን ይዘነዋል፣ ገንዘብ ላክ" የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ተጠልፌአለሁ?»

ከዚህ ብቻ ተነሥቶ አይባልም። «ከ» የሚለው ቦታ ላይ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ገንዘብ አይላኩ። የተላኩትን ሣጥን ይዩ፤ እርስዎ ያልላኩት ነገር ካለ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩና ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። አድራሻው በድርጅትዎ ዶሜይን ከሆነ ቀጣዩን ጥያቄ ያንብቡ።

«ቪዲዮ አይቼ ዲማርክን "ሪጀክት" አደረግኩት። አሁን የሠራተኞቻችን ኢሜይል የሙያ ማኅበራችን ሊስት ላይ አይደርስም። ላጥፋው?»

አያጥፉት፤ ዝቅ ያድርጉት። «ነን» ላይ መልሰው የሪፖርት መቀበያ አድራሻ ያስገቡበት። ትልልቆቹ ተቀባዮች በእርስዎ ዶሜይን ስም ማን እንደላከ፣ ምኑ እንዳለፈና ምኑ እንደወደቀ በየቀኑ ገደማ ሪፖርት ይልካሉ። ፋይሉ ለዓይን አይመችም፤ የሚያነቡልዎ መሣሪያዎች ግን አሉ። የረሷቸው ላኪዎች የሚወጡት እዚያ ነው፦ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ፣ የዌብሳይቱ ቅጽ፣ የድሮው የጋዜጣ (ኒውስሌተር) መላኪያ። እነሱን አስተካክለው ሲጨርሱ ወደ «ኳራንቲን» ይሂዱ።

«ሪጀክት» ሠራተኞች ሊስት ላይ ለማይጽፉበት ዶሜይን ጥሩ ነው። ደብዳቤ ብቻ የሚልክ ማሽን በሌላ ንዑስ ዶሜይን አስቀምጠው እዚያ ላይ ያጥብቁት፤ ሰዎች የሚጻጻፉበትን ላላ ያድርጉት። ቪዲዮ ሠሪዎቹ ይህን አይነግሯችሁም። ሪፖርቱን ሳያነቡ «ሪጀክት» ማለት ለእኔ ግዴለሽነት ነው።

«ለቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን በየሳምንቱ ከራሴ ጂሜይል ስውር ቅጂ አድርጌ እልክ ነበር። አሁን ቁጥራችን ጨምሮ ጂሜይል "ገደብ አልፈሃል" አለኝ። በጋዜጣ መላኪያ አገልግሎት ከዚያው አድራሻዬ ልላክ?» (ከአውሮፓ)

ነጻው ጂሜይል በቀን ለ500 ተቀባይ ነው የሚፈቅደው። በአገልግሎት መላክዎ ልክ ነው፤ በጂሜይል አድራሻ መላክዎ ግን አይሆንም። የጂሜይልን ስም ይዞ ከጂሜይል ሰርቨር ያልወጣ ኢሜይል ዲማርክን አያልፍም።

ዶሜይን ይግዙ፤ በዓመት ብዙ አያስወጣም። ኤስፒኤፍና ዲኪም በአገልግሎቱ መመሪያ መሠረት ያስገቡ፣ ዲማርክም ይጨምሩ። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በጅምላ ከሚልኩ ሦስቱንም ይጠይቃሉ። ለጂሜይል ጅምላ ማለት በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ ነው፤ ማይክሮሶፍትም ከግንቦት 2025 ጀምሮ ለአውትሉክና ለሆትሜይል ተመሳሳይ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። እናንተ ያን ያህል ባትልኩም ከሁለቱ አንዱ፣ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ ለማንኛውም ላኪ ግዴታ ነው። ደግሞ «ስፓም ነው» ብለው የሚጫኑት ሰዎች ከ1,000 ውስጥ ከ3 እንዳይደርሱ ይፈለጋል። ፈቃዳቸውን ያልሰጡትን ሰዎች መዝገብ ውስጥ አይክተቱ፤ ሰርግ ላይ የሰበሰቡትን አድራሻ ማለቴ ነው።

«የድሮ ዩኒቨርሲቲዬ አድራሻ የሚመጣለትን ሁሉ ወደ ጂሜይሌ ያስተላልፍልኛል። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ምን ለይቶት ነው?»

ዲኪም ነው የለየው። ኢሜይል ሲተላለፍ የሚመጣው ከዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ስለሆነ የመጀመሪያው ላኪ ኤስፒኤፍ አይገጥምም። በዲኪም የተፈረመው፣ ዩኒቨርሲቲው ካልነካካው፣ ያልፋል። ያልተፈረመው ይወድቃል።

ለዚህ ተብሎ በ2019 የወጣ አርክ የሚባል የሙከራ ደንብ አለ፤ አስተላላፊው «እኔ ስቀበለው ትክክል ነበር» ብሎ የሚፈርምበት። ጂሜይልና ማይክሮሶፍት ያዩታል፤ ግን ማንን እንደሚያምኑ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እርስዎ ከዚያ በላይ የሚያደርጉት የለም። የባንክና የኤምባሲ ጉዳይ ያለበት አድራሻ ከሆነ ዛሬውኑ ገብተው አድራሻዎን በጂሜይልዎ ያስለውጡ፤ የዩኒቨርሲቲውን ለአሮጌ ጓደኞች ይተዉት።